ቋሊማ የሌለበት የጀርመን ምሳ

ጀርመን አገር ሃያና ሠላሳ ዓመት የኖረ ሐበሻ «የጀርመን ምግብ ምንድን ነው?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ከባቡር ጣቢያ አያልፍም። ኬሪቩርስት ይላል፣ ፖመስ ይላል፣ ሽኒትስል ይላል፣ ትንሽ ካሰበ ዶነር ይጨምራል። ይህን በድፍረት የምናገረው በሰበካ ጉባኤያችን የምሳ ኮሚቴ ውስጥ ተቀምጬ በዓይኔ ስላየሁ ነው። በመጀመሪያው ስብሰባ ሰሌዳ ላይ የተጻፈው ዝርዝር ሲመረመር ሽኒትስሉ የቪየና፣ ዶነሩ የቱርክ፣ ፖመሱም ቤልጂጎች «የእኛ ነው» እያሉ የሚሟገቱበት ሆኖ ተገኘ። ጀርመንነቱ የማያጠራጥር ኬሪቩርስት ብቻ ነበር። እሱም በ1949 በርሊን ላይ አንዲት ሴትዮ የቲማቲም ስጎና ካሪ አፍስሳበት ተጀመረ የሚባለው የአሳማ ቋሊማ ስለሆነ አባታችን ቀና ብለው ሳያዩት ተሰረዘ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ እንግዶቻችን ፈረንጆች ናቸውና።)

ነገሩ እንዲህ ነው። ሽቱትጋርት የምንቀድስበት ቤት የራሳችን አይደለም። የጀርመን ወንጌላውያን አጥቢያ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን ለራሱ ይዞ ከጎን ያለችውን ትንሿን ጸሎት ቤት ለእኛ ሰጥቶናል። አዳራሹና ወጥ ቤቱ የጋራ ነው፤ እኛ እናበስላለን፣ እነሱ ምድጃው እንዴት እንደሚጠፋ የሚገልጽ ወረቀት ይለጥፋሉ። በየዓመቱ በሰኔ መጨረሻ የአጥቢያው በዓል ይከበራል። እኛ እንጀራና ወጥ ይዘን እንቀርባለን፣ ጀርመኖቹ ይሰለፋሉ፣ በእጃቸው ሲበሉ ፎቶ ይነሣሉ፣ በዚሁ ያበቃል።

ዘንድሮ ግን ወጣቶቹ አመፁ። «እዚህ ተወልደን፣ እዚህ ተምረን፣ በየዓመቱ እንግዳ መስለን የምንቀርበው እስከ መቼ ነው? ዘንድሮ የጀርመኑን ምሳ እኛ እንሥራ» አሉ። ሊቀመንበራችን እንደ ማንኛውም የሐበሻ ሊቀመንበር ነገሩ ሲከብዳቸው «በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ኮሚቴ ይቋቋም» አሉ። ተቋቋመ።

ኮሚቴው ሁለቱን ካላንደር ጎን ለጎን ሲያስተያይ በዓሉ የዋለው በጾመ ሐዋርያት ውስጥ ነው። ይህ ጾም ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ገብቶ ሐምሌ 5 ይፈታል፤ የሚረዝመውና የሚያጥረው እንደ ፋሲካው አዋዋል ነው። በምእመናን ዘንድ ያለው ስም ግን «የቄስ ጾም» ነው። ስሙን ያወጡለት ቄሶቹ እንዳልሆኑ ግልጽ ነው።

«አባ፣ ይሄ የቄስ ጾም አይደለም እንዴ?» አለ አንዱ ወጣት በትሕትና።

አባታችን ጥያቄውን ለዓመታት ሲጠብቁት የኖሩ ይመስላሉ። «ልጄ፣ ሐዋርያት ለስብከት ሲወጡ የጾሙት ለቄስ ብቻ ነው ያለህ ማን ነው? እኔ ስጾም አንተ ትበላለህ፤ እኔ ስባርክ ግን አንተም ትሰለፋለህ። ሒሳቡ እንዴት ነው?»

ሒሳቡን የሚያስረዳ አልተገኘም። ስለዚህ ሰሌዳውን መጥረግ ተጀመረ። የአሳማ ሥጋ ወጣ፤ እሱ ጾም ባይኖርም ይወጣል። ሌላው ሥጋ ሁሉ ወጣ። ዕንቁላል ሲወጣ ሽፔትስለ የሚባለው የሽቫቦች (የሽቱትጋርት አካባቢ ሰዎች) ፓስታ ተከትሎት ሄደ። ቅቤ፣ ክሬም፣ አይብ ወጡ። ስለ ዓሣም ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ የዓሣ ክርክር ግን ለብቻው ሌላ ወግ ስለሚወጣው እዚህ አልገባበትም። በመጨረሻ የቀረው ሰሌዳው ነበር።

ያን ጊዜ ነው አንዷ ልጅ ማውልታሽንን ያነሣችው። በስሱ የተዳመጠ ሊጥ ውስጥ ሥጋ፣ ቆስጣና ሽንኩርት ተሸፍኖ በሾርባ ይቀቀላል። ሽቫቦች የሚኮሩበት ነው፤ ከ2009 ጀምሮ የአውሮፓ ኅብረት ስሙን ለአካባቢው አስከብሮለታል። ልጅቷ አፈ ታሪኩንም አወጋችን። የማውልብሮን ገዳም መነኮሳት በዐቢይ ጾም ሥጋ እጃቸው ይገባል፤ መብላት ኃጢአት፣ መጣል ደግሞ ሽቫብ ለሆነ ሰው ከኃጢአት የባሰ ነው። ስለዚህ ሥጋውን ከቅጠሉ ጋር ከትፈው፣ ከላይ ያለው እንዳያየው በሊጥ ሸፈኑት።

አባታችን መቋሚያቸውን ተደግፈው በጥሞና ሰሙ።

«ገዳሙ አሁንም አለ?»

«አለ አባ። ዩኔስኮ በ1993 መዝግቦታል።»

«መነኮሳቱስ?»

«እነሱስ የሉም አባ።»

«ገባኝ» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ፣ «ለማንኛውም ከሐምሌ 5 በኋላ፣ በበሬ ሥጋ የተሠራ ካለ አንድ ቀን አምጡልኝ።»

እኔ ግን ከዚያ ተረት ሌላ ነገር ያዝኩ። ሰው የማይጾመውን ጾም አያታልልም። እነዚህ ሰዎች ጾመዋል፤ ለዚያውም በእኛው ዓይነት፣ ከቅቤና ከወተት ርቀው። ታሪኩን ባገላብጥ የቅቤ ደብዳቤ የሚባል ነገር አገኘሁ። በ1491 የሳክሶኒ መሳፍንት የሮማውን ጳጳስ ኢኖሰንት 8ኛን ለምነው በጾም ቅቤ መብላት የሚያስፈቅድ ደብዳቤ አስመጡ፤ በነጻ ሳይሆን በክፍያ። ከገንዘቡም ለፍራይበርግ ካቴድራል ግንባታ የዋለ አለ። ዛሬ በገና ሰሞን ቅቤው ጣት ላይ የሚቀረው የድሬዝደኑ ሽቶለን ከዚያ በፊት በዘይት የሚጋገር ደረቅ የጾም ዳቦ ነበር። ሉተር በ1520 ባሳተመው ጽሑፍ ይህን የቅቤ ንግድ ክፉኛ ተሳልቆበታል።

ይህን ለኮሚቴው ሳወራ ገንዘብ ያዣችን፣ የራሳችንን ሕንፃ ለመግዛት ስንት ዓመት በየቤቱ የምትለምነው፣ እርሳሷን አነሣች። «ለመሆኑ በሰው ስንት ነበር?» አባታችን በዓይናቸው ብቻ እርሳሷን አስቀመጧት።

እንግዲህ ሥራችን ከቅቤው በፊት የነበረውን ጀርመን መፈለግ ሆነ። ብዙም አልራቀ። ሽቫቦች ከማውልታሽን እኩል የሚወዱት ምግብ ምስር ነው! እርግጥ ነው ምስሩ ከሽፔትስለና ከቀጫጭን ቋሊማ ጋር ነው የሚቀርበው፤ ሁለቱን ሲያነሡለት ግን ራሱን ችሎ ይቆማል። ድፍኑን ምስር ከሽንኩርት፣ ከካሮትና ከሴለሪ ሥር ጋር ቀቅለው በመጨረሻ አቼቶ ጠብ ያደርጉበታል። ከሽቱትጋርት በስተ ደቡብ ባለው በሽቬብሸ አልብ ደጋ ምስር በየማሳው ይዘራ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ ቀረና ዘሩ ራሱ ጠፋ። በ1980ዎቹ አንድ ገበሬ በሌላ ዘር እንደገና ጀመረው፤ የጥንቱ የአካባቢው ዘር ደግሞ በ2006 የተገኘው ቅዱስ ፒተርስበርግ፣ የቫቪሎቭ የዘር ባንክ ውስጥ ነው። ይህ ቫቪሎቭ የሚባለው ሩሲያዊ በ1927 እኛም አገር ዞሮ ዘር ሰብስቦ የሄደው ራሱ ነው።

የወጥ ቤት ኃላፊያችን እትዬ ይህን ሁሉ ሰምተው፣ በፌስታል የመጣላቸውን ደቃቅ ምስር መዳፋቸው ላይ አፍስሰው አዩት። «ሩሲያ ድረስ ሄደው ያመጡት ይሄን ነው? ሳይከካ ነው የሚቀቀለው?»

«አዎ እትዬ፣ ድፍኑን። ከዚያ አቼቶ ይገባበታል።»

«ታዲያ አዚፋ ነው በሉኛ! አሙቃችሁ የምትበሉት አዚፋ። እንዲያው ሰው ለማስጨነቅ!» ብለው ምስሩን ለቀማ ጀመሩ። ከዚያን ቀን ወዲህ እትዬ የጀርመን ምግብ ፈርተው አያውቁም።

በድንቹ ማንም አልተከራከረም። ድንች የሌለበት የጀርመን ገበታ ይኖራል ብሎ የሚያስብ የለም፤ ይሁንና ጀርመኖቹም መጀመሪያ ላይ እሺ ብለው አልተቀበሉትም። የፕሩሲያው ንጉሥ ታላቁ ፍሪድሪሽ በ1756 ገበሬው ድንች እንዲተክል ትእዛዝ እስከ ማውጣት ደርሷል። ዛሬ ፖትስዳም የሚገኘው መቃብሩ ላይ ሰዎች ድንች ያስቀምጡለታል። ለእኛም ድንቹን ያመጣልን ጀርመናዊ ነው። ዊልሄልም ሺምፐር የሚባል የዕፅዋት ተመራማሪ በ1858 ኢትዮጵያ እንዳስገባው ተጽፏል። ይህን ሰው ቀድሞ «ዕፅዋት ሰብስብ» ብሎ ወደ ሐበሻ አገር የላከው ማኅበር መቀመጫው እስሊንገን ነበር፤ እስሊንገን ደግሞ ከእኛ በከተማ ባቡር ሩብ ሰዓት ያህል ናት። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዱ ሆክሽቴተር የሚባል ፓስተር ነው። ሺምፐር ሄዶ አልተመለሰም፤ በ1878 ዐድዋ ላይ ዐረፈ።

ሊቀመንበራችን ይህን ሲሰሙ ወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። «እንግዲያው ድንቹን ከነወለዱ እየመለስንላቸው ነው! ይሄ በንግግሬ ይግባልኝ» አሉ። በፕሮግራሙ ላይ «አጭር ንግግር» የሚል ነበር፤ ጀርመኖቹ አጭርነቱ በደቂቃ እንዲገለጽላቸው ጽፈው ጠየቁ።

ድንቹ ሰላጣ ይሁን ተባለ። እዚህ ላይ ጀርመን ለሁለት የተከፈለች አገር ናት። የሰሜኖቹ ድንቹን በማዮኔዝ ይለውሱታል፤ ማዮኔዝ ደግሞ ዕንቁላል ነው። የሽቫብ ሰው ይህን ሲሰማ ያዝናል፤ የእሱ በትኩስ ሾርባ፣ በአቼቶ፣ በሰናፍጭና በዘይት ነው። ሾርባውን የአትክልት ካደረጉት ከነነፍሱ ጾም ነው። ሐምቡርግ ብንሆን ኖሮ ጉዳችን ፈልቶ ነበር።

ሊያስተምሩን ከጀርመኖቹ አጥቢያ ሰማንያ ያለፋቸው አንዲት እማማ መጡ፤ ድንቹንም ራሳቸው ይዘው ነው የመጡት፣ እኛ የገዛነውን ስላላመኑት። ሲቀቀል የማይፈርሰው ዓይነት መሆን አለበት። ከነልጣጩ ተቀቀለ። እማማ ከቦርሳቸው ሦስት ጥርስ ያላት ትንሽ ሹካ አወጡ፤ ትኩሱን ድንች በሷ ወግተው ከፍ አድርገው ይዘው በቢላ ይልጡታል። መላጥና መከተፍ ያለበት ሳይበርድ ነው፤ ከበረደ ሾርባውን አይመጥም። እትዬ ሹካዋን አየት አደረጉና ተዉአት። ዕድሜውን ምጣድ ላይ ያሳለፈ ጣት ምን ሹካ ያስፈልገዋል? ድንቹን ከእንፋሎቱ በባዶ እጃቸው እየመነተፉ ይልጡት ጀመር። እማማ «ኦ ጎት!» ብለው አፋቸውን ያዙ፤ ከዚያ ሹካቸውን ቀስ ብለው ወደ ቦርሳቸው መለሱ።

ሽንኩርት፣ አቼቶ፣ ሰናፍጭና ጨው ያለበት ትኩስ ሾርባ ፈሰሰበት። ጥቂት ሲቆይ ሾርባው ጠፋ፤ ድንቹ ጠጥቶታል። ዘይቱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው፤ ቀድሞ ከገባ ድንቹን ይለብሰውና ሾርባውን ያግደዋል። ከዚያ እማማ በትልቅ ማንኪያ እያማሰሉ ጆሯቸውን ወደ ሳህኑ ደፉ። ሰላጣው ሲገላበጥ በአፍ የማኘክ ዓይነት ርጥብ ድምፅ ያሰማል፤ ያ ድምፅ ከሌለ አልሆነም ማለት ነው። እትዬም በሌላው በኩል ጆሯቸውን ደፉ። «ልክ ናቸው» አሉ ቀና ብለው፣ «ሽሮም ቱክ ቱክ ሲል እኮ ነው በሰለ የሚባለው።» ልጃቸው ተረጎመችላቸው። እማማ ሽሮ የሚባለውን ምን ጊዜ መጥተው መስማት እንደሚችሉ ጠየቁ።

የሚያጣላ የመጣው ቃሪያ ሲነሣ ነው። እትዬ ሁለት ሦስት ቃሪያ በስሱ ቢከተፍበት ማን ይሞታል አሉ። ወጣቶቹ «ቃሪያ የነካው ሽቫብ አይደለም» ብለው ቆሙ። ቃሪያው ለብቻው በትንሽ ሳህን እንዲቀርብ፣ ሳህኗም ከእትዬ እጅ ርቃ እንድትቀመጥ ተወሰነ።

ጥቅል ጎመን ቀላል ነበር። የሽቱትጋርት አየር ማረፊያ ያለበት የፊልደር ሜዳ በሾጣጣ ጥቅል ጎመኑ የታወቀ ነው፤ እናቶቻችን ለወጥ ሲገዙት ስለኖሩ ከሻጮቹ ጋር በስም ይተዋወቃሉ። ቀዩን ጥቅል ጎመን ደግሞ ከፖምና ከቅርንፉድ ጋር አበሰሉት፤ በዝይ ስብ ፋንታ በዘይት። ለማጣጣሚያም የቼሪና የእንጆሪ ገንፎ መሳይ ነገር ያለ ቫኒላ ስጎው ይቀርባል።

ያስቸገረን ዳቦው ነው። ብሬትስል ላዩን ሲያዩት ከጿሚዎች ወገን ይመስላል፤ ዱቄት፣ ውኃ፣ እርሾ፣ ጨው። የእኛ አካባቢ ጋጋሪዎች ግን ሊጡ ውስጥ ቅቤ ወይም የአሳማ ስብ ይጨምሩበታል። ይህን ለማጣራት የተላክሁት እኔ ነኝ። ሻጯ ከባንኮኒው ሥር ወፍራም ማኅደር አወጣች። ከታኅሣሥ 2014 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ሕግ መሠረት ሳይታሸግ የሚሸጥ ምግብም አለርጂ የሚያስነሡ 14 ነገሮችን ይዞ እንደሆነ ለደንበኛ መነገር አለበት። ማኅደሩ ውስጥ ግሉተን አለ፣ ወተት አለ፣ ዕንቁላል አለ፣ ሰሊጥ አለ፣ ሴለሪና ሰናፍጭ ሳይቀሩ አሉ። የአሳማ ስብ የለም። ለነፍስ እንጂ ለሥጋ አያሳክክምና ሕጉ አላሰበውም። ሻጯ ወደ ጓዳ ገብታ ጠይቃ መጣች፤ አለበት። አዝና አየችኝ።

«ቪጋን ነዎት?»

«እስከ ጁላይ 12» አልኳት።

ዞሮ ዞሮ በዘይት የሚያቦካ ሌላ ጋጋሪ ተገኘ።

ምግቡ አለቀ ስንል ከአጥቢያው ጸሐፊ ቅጽ መጣ። «የተመጋቢ ብዛት» ይላል፤ ከፊቱ አንዲት ትንሽ ሣጥን አለች። የሐበሻ ድግስ በሣጥን አይገባም። ሊቀመንበራችን «ከ80 እስከ 300» ብለው ሊጽፉ ሲሉ ወጣቶቹ እጃቸውን ያዙ። በኮምፒውተር ሰንጠረዥ ሠርተው ለአንድ ሰው 250 ግራም ሰላጣ፣ ለ120 ሰው 30 ኪሎ ብለው አሰሉ። እትዬ ሰንጠረዡን እያዩ «በድስት ንገሩኝ» አሉ። በድስት የሚነግራቸው ጠፋ። «እንግዲያው እኔ ልንገራችሁ፤ ሦስት ትልልቅ ድስት። ቢተርፍ በፌስታል ይቋጠራል፤ ቢጎድል ግን የት እንገባለን?» ሊቀመንበሩም ለማስታረቅ «150 ገደማ» ብለው ላኩ። በማግሥቱ መልስ መጣ። ጸሐፊዋ ከምስጋና ጋር ገደማው ስንት እንደሆነ ጠይቀዋል።

የጀርመኖቹ ሴት ፓስተር በአንዱ ስብሰባችን ተገኝተው ነበር። ኢትዮጵያዊ ከሉተር ልጆች ጋር ማዕድ ሲቀርብ ይህ የመጀመሪያው አይደለም አሉን። በ1534 ዲያቆን ሚካኤል የሚባል የእኛ አገር ሰው ቪተንበርግ ድረስ መጥቶ ከሉተር ጋር ስለ ሃይማኖት ተነጋግሯል፤ በብዙ ነገርም ተግባብተው ሉተር ጁላይ 4 ቀን የተጻፈ የአደራ ደብዳቤ ሰጥቶ ሸኝቶታል። ሊቀመንበራችን ወዲያው ወደ ንግግራቸው ገለበጡት። አባታችን ግን በወሩ ላይ ቆሙ።

«በዚያ ሰሞን ከሆነ የመጣው፣ ምን አበሉት?»

ፓስተሯ ሳቁ። «የሉተር ባለቤት ካታሪና ቢራ ትጠምቅ ነበር» አሉ።

«ቢራ ጾም ነው!» አለ ያ የቄስ ጾም ያለው ልጅ፣ ያለ ትሕትና። ሁላችንም ዞረን አየነው።

ዝርዝሩ ተጠናቆ ተላከ፤ ምስር በአቼቶ፣ የድንች ሰላጣ፣ ቀይ ጥቅል ጎመን፣ ጥቁር ዳቦና ብሬትስል፣ የቼሪውና የእንጆሪው ማጣጣሚያ፣ የፖም ጁስ በሶዳ ውኃ። መልሱ ፈጥኖ መጣ። ጀርመኖቹ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ከመካከላቸው ቪጋን የሆኑት በርካታ ናቸው፤ በአጥቢያው በዓል ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚበሉት ምሳ ሲገጥማቸው ይህ የመጀመሪያው ነው። አንድ ትንሽ ጥያቄ ብቻ አለች። ሥጋ ለለመዱት አረጋውያን በግቢው ጥግ ግሪል አቁመው ጥቂት ቋሊማ ቢጠብሱ እናዝን ይሆን?

አባታችን «ቤቱ የእነሱ፣ በዓሉ የእነሱ፣ ምን አገባን» ብለው ፈቀዱ፤ ጭሱ ወደ እኛ ጠረጴዛ እንዳይመጣ ብቻ ነፋሱ ይጠና አሉ። ሽቱትጋርት ግን ተራራ የከበባት ጎድጓዳ ከተማ ናት፤ ነፋስ ብዙም አይጎበኛትም፤ ጭስ ከወጣበት አይርቅም። ሊቀመንበሩ የግቢውን ካርታ ሥለው ግሪሉን በአራቱም ማዕዘን እያዞሩ ሞከሩት። በየትኛውም ማዕዘን ሽታው ይደርሳል።

የመጨረሻው ሥራ የረዳቶች ዝርዝር ነበር። በጀርመኖቹ ደንብ መሠረት አዳራሹ በር ላይ ተለጠፈ፤ ድንች መላጥ፣ ምስር መልቀም፣ ወንበር መደርደር፣ ሳህን ማጠብ፣ ጀርመኖቹን በግሪል ማገዝ። ከቅዳሴ በኋላ ሲታይ ድንቹ ጋ ሁለት ስም አለ፣ ሁለቱም የእናቶች። ሳህን ማጠብ ባዶ ነው። ግሪል ማገዝ ጋ አሥራ አንድ ጎረምሳ ተመዝግቦ፣ መስመሩ ስላልበቃ በኅዳጉ ላይ ተጽፏል። ሲጠየቁ ለጎረቤት ፍቅር ነው አሉ።

አባታችን መነጽራቸውን አድርገው ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከገንዘብ ያዣዋ እርሳሷን ተቀበሉና አሥራ አንዱንም አንድ በአንድ እየሰረዙ ስድስቱን ወደ ድንቹ፣ አምስቱን ወደ ሳህኑ አዛወሯቸው። ግሪል በሚለው ረድፍ አንድ ስም ብቻ ጽፈው እርሳሱን መለሱ፤ የራሳቸውን።